የታንዛየሪ ቅሎች

ማዳም ፌሊሲታ ዴሪ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች አንዱንም መርጠው አያውቁም ነበር። በሰሜኗ ከተማችን በታንዛየሪ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም ደብቀውት አያውቁም። በምርጫ ሰሞን የበረሃው ነፋስ ሃርማታን አቧራውን ጭኖ ሲወርድ፣ ግማሹ ከተማ የፀሐይን ፓርቲ ቢጫ ከነቴራ፣ ግማሹ የድልድይን ፓርቲ ሰማያዊ ከነቴራ ለብሶ ሲጨፍር፣ ማዳም በራቸው ላይ አንድ ትልቅ ቅል ይሰቅላሉ። ቅል የሦስተኛው ፓርቲ ምልክት ነበር። ከዚያ ወንበራቸውን አውጥተው ከቅሉ ሥር ይቀመጡና ኦቾሎኒያቸውን ይፈለፍላሉ።

እኔ የድልድይ ፓርቲ የወረዳ ጸሐፊ ነኝ። ስሜ አይምቢላ ነው፤ የቦልጋ ሰው፣ በነገድ ፍራፍራ ነኝ። ታንዛየሪ የመጣሁት የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ለመሸጥ ነበር፤ የአገሬውን የዳጋባን ነገድ ልጅ አግብቼ፣ ወልጄ ከብጄ እዚሁ ቀረሁ። ፍራፍራና ዳጋባ ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የቀልድ ዘመዶች ነን። አንዱ ሌላውን እንዳሻው ይሰድባል፤ የተሰደበው ቢቆጣ ነውሩ የእሱ ነው። የማዳም ባል የተቀበሩ ዕለት እኔ የሟቹን ባርኔጣ ደፍቼ፣ ወንበራቸው ላይ እሳቸውን መስዬ ተጎልቼ፣ ምን ያስለቅሳችኋል፣ መጣሁ እኮ፣ የምንሻማበት የውሻ ጭንቅላት የታለ እያልኩ ለቀስተኛውን ሳውክ ዋልኩ። ማዳም እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። ወጉ እንዲህ ነው። ስንቀላለድ አንቺ እላቸዋለሁ፤ ቁም ነገር ሲመጣ አንቱ። እሳቸው ግን ለቀልድም ለቁም ነገርም የሚጠሩኝ "አንተ ውሻ በላ" ብለው ነው፤ ፍራፍራ ውሻ ይበላል እየተባለ ይቀለድብናል።

ፓርቲያችን በቀደመው ምርጫ በወረዳችን ለጥቂት ሲሸነፍ እርር ድብን ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። ሂሳቡ ግልጽ ነበር፤ ለቅል የተሰጠው ድምፅ ለእኛ ቢሰጥ ኖሮ የወረዳው የፓርላማ ወንበር የእኛ ነበር። ድምፃችንን ሰረቃችሁን፣ ድምፅሽን ለፍየል ብትሰጪው ይሻል ነበር፣ ፍየል ቢያንስ ወተት አላት አልኳቸው። ኦቾሎኒያቸውን ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"ድምፁ መቼ የናንተ ሆነና ነው ሰረቃችሁን የምትለኝ?" አሉኝ። "አንድ ቀን መጥታችሁ ምን ትፈልጋላችሁ ብላችሁናል? አንተ ውሻ በላ፣ የራስህን አጥንት ፈልግ።"

እንደ እኔ የሚያስብ ሰው ብዙ ነበር። የቅል ሰዎችን ከሁለት ያጣ ጎመን ይሏቸዋል፤ የማሽላ ጠላ በሚጠጣበት በየፒቶ ቤቱ መሳለቂያ ነበሩ። የሚገርመው፣ ከአምስት የታንዛየሪ ሰው አንዱ ቅል ነበር። በአገር ደረጃ ግን ከመቶ ሁለት ሦስት ሰው ቢሆኑ ነው፤ እንዲህ ያለውን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል።

ማዳም ቅል ያነሡት ለእልህ አልነበረም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርት ነበሩ። በአንድ መጋቢት፣ ሙቀቱ ግድግዳውን እንደ ምጣድ ሲያግለው፣ ማጅራት ገትር ገባ። ልጁ ጠዋት ራሴን ይላል፣ ከሰዓት አንገቱ ይገተራል፣ ከዚያ በኋላ እናቱን አያውቅም። በዚያ ወር ማዳም ስም ሲጠሩ "አቤት" የሚል የጠፋበት ዴስክ በየክፍሉ ነበር። ክትባቱ ከዋና ከተማው ከአክራ የደረሰው ሰው ተቀብሮ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ መንግሥት የእኛ፣ የድልድዮች ነበር። ከዓመታት በኋላ ፀሐዮች ሲገዙ በሽታው ተመልሶ መጣ፤ ክትባቱም እንደገና ዘገየ። ናሙናው ለምርመራ ታማሌ ከተማ ድረስ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ የታመመው ሰው አይጠብቅም ነበር።

በሁለተኛው ወረርሽኝ ጊዜ ዶክተር ብላንክሰን የሚባል የኬፕ ኮስት ሰው፣ ማንም ሳይልከው፣ መድኃኒት በመኪናው ጭኖ መጣ። ማዳም የአንደኛ ክፍልን ዴስኮች አውጥተው ሰጡት፤ እዚያው እየተኛ ስንቱን ሰው አተረፈ። በኋላ ፓርቲ መሥርቶ ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር፣ ክትባት ከሙቀቱ በፊት በየወረዳው ይግባ፣ ላቦራቶሪ በየወረዳው ይሠራ የሚል ብቻውን እሱ ነበር። ማዳም ቅላቸውን ሰቀሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ልጃቸው የዳነላቸውም፣ የሞተባቸውም ተከተሏቸው።

እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ለጥቂት ከተሸነፍንበት ቀጥሎ ያለውን ምርጫ ነው።

በመጀመሪያው ዙር ፀሐይ ግማሹን ለመሙላት ጥቂት ቀረው። እኛ ከኋላው ተለጥፈን ደረስን። ከግማሽ በላይ ያገኘ ስላልነበረ ሁለቱ ብቻ ከገና በኋላ እንዲጋጠሙ ተወሰነ። ሬዲዮው ቁጥሩን ሲያነብ ቆጣሪ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ሁለቱን ትልልቆች የሚለያያቸው ክፍተት ለቅል ከተሰጠው ድምፅ ያንስ ነበር። አገር ሁሉ በአንድ ቀን ዞሮ እነዚያን ከሁለት ያጡ ጎመኖች ማየት ጀመረ።

ከአክራ የማያውቁኝ ትልልቅ ሰዎች ይደውሉልኝ ጀመር። ማዳም ፌሊሲታ የምትባለው ማን ናት፣ ምን ትወዳለች ይሉኛል። ምን እንደሚወዱ እንደማላውቅ ነገርኳቸው፤ እነሱ ግን ጠብቅ ብለው አንድ አዲስ ሞተር ሳይክል ላኩ። እኔ ራሴ እየነዳሁ ወሰድኩት። ማዳም ወጥተው ዞረው አዩት፤ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ።

"ጥሩ ዕቃ ነው፣ አንተ ውሻ በላ። መመለሻውን ታውቀዋለህ አይደል?" ብለው ገቡ።

ሳቅሁ፤ ግን በልቤ ጥሩ አልተሰማኝም። ሞተሩን ይዤ ስሄድም ስመለስም ሰው አይቶኛል። በማግስቱ ፀሐዮች ማዳም በሞተር ሳይክል ተገዙ ብለው አወሩ፤ ስመለስ የታየሁትን ማን ያንሣው።

ከዚያ ሁለት ቀን ሳይቆይ የከፋው መጣ። ከማዳም ጋር በፖግሳ ፒቶ ቤት ተቀምጠን ነበር፤ ፖግሳ ጠማቂዋ ናት፣ የማዳም ጎረቤትና የቅል ፓርቲ ሰው። ሬዲዮው ላይ ዶክተር ብላንክሰን ከፕሬዝዳንቱ ጎን ቆሞ፣ ፓርቲው በሁለተኛው ዙር ፀሐይን እንደሚደግፍ፣ ደጋፊዎቹም ሁሉ ፀሐይን እንዲመርጡ ተናገረ። ማዳምም የሰሙት ልክ እንደ እኛ ከሬዲዮ ነው። ፒቶ የያዙበትን ቅል ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት። 

ቆይተው ስልካቸውን አውጥተው ለዶክተሩ እዚያው ደወሉ። እሱ ብዙ ተናገረ። የጤና ሚኒስትርነቱ ለእሱ እንደተሰጠ፣ ከውጭ ሆኖ ከመጮህ ከውስጥ ሆኖ መሥራት እንደሚሻል፣ ክትባቱንም ላቦራቶሪውንም በገዛ እጁ እንደሚያመጣ ነገራቸው። ዛሬም ሳስበው ሰውዬው የዋሸ አይመስለኝም። ማዳም ሰምተው ጨረሱና አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

"ዶክተር፣ ይህ ጥሩ ሐሳብ ሊሆን ይችላል። ግን እኛን ማን ጠየቀን?"

ስልኩን ዘጉ። ለፖግሳ፣ እሑድ የቅል ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው ባኦባብ ሥር እንዲሰበሰብ ንገሪ አሏት። ከሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች ሰው መጥቶ ጥያቄ እንዲመልስ ይጠራል፤ የወረዳው ሬዲዮም ቀጥታ ያስተላልፋል። የመጣ ይመጣል፣ የቀረ ይቀራል። ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ የሚሠሩት አብዛኞቹ ማዳም ፊደል ያስቆጠሯቸው ስለሆኑ እንቢ የሚል አልተገኘም።

የክልሉ የፀሐይ ሹም ስብሰባውን ናቀው። በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ ገበያ መሐል ቆመና፣ መሪያችሁ ተናግሯል፣ የቅሉ ውኃ ወደ ፀሐይ ተገልብጧል፣ ከእንግዲህ የምን ስብሰባ ነው አለ። ከመኪናው ላይ ሩዝ ታደለ። ሰው ሩዙን ተቀበለ፤ ሩዝ ምን አደረገ። ንግግሩን ግን ወደ ቤቱ ይዞት ሄደና አመነዠከው። ከገበያ ስትመለስ ያገኘኋት አንዲት የቅል ሴት፣ እኔ ውኃ ነኝ እንዴ የምገለበጠው ብላ ስትበሳጭ ሰማሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ማለዳ የማዳም ቅል በራቸው ላይ በድንጋይ ተሰብሮ ተገኘ። ማን እንደሠራው አልታወቀም። ማዳም ስብርባሪውን ጠርገው ሌላ ቅል ሰቀሉ። ጎረቤቶቹም አይተው ሰቀሉ፤ እስከ ቅዳሜ ድረስ በዚያ መንገድ ላይ ቅል ያልተሰቀለበት በር ጥቂት ነበር። ወደ አክራ ደውዬ፣ ሩዝም ሞተርም አትላኩ፣ ሰው ላኩ አልኳቸው። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተከራከርኩ። በመጨረሻ የምክትል ፕሬዝዳንት እጩያችን አቶ አሶሞዋ ራሱ እንደሚመጣ ነገሩኝ።

ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። በመጀመሪያው ወረርሽኝ ዘመን አሶሞዋ ምክትል የጤና ሚኒስትር ነበር። ያንን አውቃለሁ። ሌላው ሰው ረስቶት እንዲሆን ጸለይኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባኦባቡ ሥር ሰው እንደ ጉንዳን ተሰበሰበ። ቅሎች ብቻ አይደሉም፤ ቢጫውም ሰማያዊውም መጥቷል። ማዳም አንድ ሕግ አወጡ፤ የፓርቲ ልብስ የለበሰ ያውልቅ ወይም ገልብጦ ይልበስ፣ ጭብጨባም ፉጨትም የለም። እኔም ሰማያዊ ከነቴራዬን ገልብጬ ለበስኩ። አሶሞዋ በጭቃ ቀለም አቧራ ተለውሶ ደረሰ። የፀሐዩ ወንበር ባዶውን ቀረ፤ ማዳም አላስነሡትም። እንግዳው የዳጋባን ቋንቋ ዳጋሬን ስለማያውቅ፣ የሚናገረውን እሳቸው ራሳቸው ሊተረጉሙለት አጠገቡ ተቀመጡ።

ጥያቄው ከብዙ ሰው መጣ፤ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መንገዱ። አሶሞዋ ንግግር ያውቃል፣ እየሳቀ እያሳቀ መለሰ። እኔም ልቤ መለስ አለልኝ። ከዚያ ፖግሳ ተነሣች። ቀጭን ናት፣ ድምፅዋም ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ለመስማት አንገቱን አሰገገ።

"ልጄን የቀበርኳት እናንተ ስትገዙ ነው" አለች። "ክሊኒኩ ይዤያት ስደርስ ነርሷ ባዶ መደርደሪያ አሳየችኝ። ያን ጊዜ የጤናው ሰው ማን ነበር? እሱን ንገሩኝና እቀመጣለሁ።"

አሶሞዋ ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ አለ። በወቅቱ ስለነበረው የበጀት ሁኔታ፣ ክትባቱን ከውጭ ለማስገባት ስላለው ሂደት፣ ስለ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ክፍፍል ረዘም አድርጎ አስረዳ። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ሲጨርስ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ማዳም ዞረ። ማዳምም ያን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተረጎሙት።

"'እኔ አይደለሁም' ይላሉ።"

ሰው ሳቀ፤ የደስ ደስ ያለው ሳቅ ግን አልነበረም። አሶሞዋ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ምን ብለው ነው የተረጎሙት አለኝ። መዋሸት እችል ነበር፤ ግን ማዳም እያዩኝ ነበር። ነገርኩት። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ። በእሱ ቦታ ብሆን ተነሥቼ ወደ መኪናዬ የምሄድ ይመስለኛል።

"እንደገና ይተርጉሙልኝ፣ ማዳም" አለ። "ምክትል ሚኒስትሩ እኔ ነበርኩ። የሰሜኑ የክትባት ጥያቄ እጄ ላይ ደርሶ ነበር። የሚያስቸኩል ስላልመሰለኝ አሳደርኩት። ከዚያ ደግሞ አሳደርኩት።"

ማዳም መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ቃል በቃል፣ አንዲት ነገር ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ በዳጋሬ ተናገሩት። የሬዲዮው ልጅ ማይክራፎኑን ወደ ማን እንደሚያዞር ግራ ገብቶት ቆሞ ቀረ።

ፖግሳ አልተቀመጠችም። "ስሟን ይጠይቁኝ" አለች።

አሶሞዋም ከወንበሩ ተነሥቶ ጠየቃት። ሩፊና አለችው። እሱም ስሟን በዚያ በደቡብ አነጋገሩ፣ እየተኮላተፈ፣ ደግሞ ጠራው። ያን ጊዜ ፖግሳ ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው ስለ ወደፊቱ ትልልቅ ነገር መናገር ሲጀምር ማዳም አቋረጡት። ተስፋውን ይተዉት፣ ክትባቱ የሚገባበትን ወር ብቻ ይናገሩ አሉት። ከየካቲት በፊት አለ። ባይገባ ማንን እንጠይቅ አሉት። እኔን አለ። እንደገና ወደ ማይክራፎኑ ቀረብ ብሎ እንዲለው አደረጉ።

ስብሰባው ሊበተን ሲል አንድ ሽማግሌ ተነሥተው የሁሉንም ጥያቄ ጠየቁ፤ እሺ ማዳም፣ እንግዲህ ማንን እንምረጥ? ሁለት ሦስት መቶ ሰው አፋቸውን አየ። እኔ ተስፋ አደረግሁ፤ አልዋሽም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው።

"እኔ ሁለተኛ ብላንክሰን አልሆንም" አሉ። "እንድትጠየቁ ፈለግሁ፤ ተጠየቃችሁ። አውራ ጣታችሁ የራሳችሁ ነው። ወደ ቤት ግቡ፣ ፀሐዩ በረታ።"

ሲሉት ስለ ሰማዩ ፀሐይ ነበር፤ ሰው ግን በሌላ ገባውና ሳቀ። እሳቸውም ዘግይቶ ገባቸውና ከሰው ጋር ሳቁ።

ያ ስርጭት በታንዛየሪ አልቀረም። የዋ ከተማ ሬዲዮ ደገመው፣ ከዚያ የቦልጋው፣ ከዚያ የታማሌው፤ በየቋንቋው ተተረጎመ። ከቦልጋ ወንድሜ ደውሎ፣ አገሩ ሁሉ "እኔ አይደለሁም ይላሉ" እያለ ይቀልዳል፣ ቀጥሎ ግን ዝም ብሎ ያስባል አለኝ። ቅል በሰሜን እዚህም እዚያም ደጋፊ ነበረው፤ በየቦታው ሰዎቹ እየተሰበሰቡ የሁለቱን ፓርቲ ሰው መጥራት ጀመሩ። ፀሐዮች ነገሩ ዘግይቶ ገብቷቸው አንዳንድ ቦታ ሰው ላኩ። ብዙ ቦታ ግን፣ መሪያችሁ ተናግሯል የሚለውን ያንኑ ድምፅ ማጉያ ላኩ።

ምርጫው ዕለት ሰው ብርዱ ሳይለቅ ተሰለፈ። ማዳም እንደማንኛውም ሰው ተራቸውን ጠብቀው ገቡ፣ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ወጡ። ማንን እንደመረጡ ጠየቅኋቸው። ውሻ አጥንት የት እንደተቀበረ አሽትቶ ያገኛል እንጂ አይጠይቅም አሉኝ። እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ውጤቱ በማግስቱ ሲነበብ ፀሐይ ከደቡቡ መሪነቱን ይዞ መጣ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ሱቄን ልከፍት ሄጄ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሰሜኑ ቁጥር ይንጠባጠብ ጀመር፤ ልዩነቱ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ከምሽቱ በፊት ተገለበጠ። በመጨረሻ ድልድይ ያሸነፈው በሚያስቅ ጠባብ ልዩነት ነው። በመጀመሪያው ዙር ቅልን የመረጡት የሰሜን ሰዎች የመሪያቸውን ቃል ተከትለው ወደ ፀሐይ ቢሄዱ ኖሮ፣ ፕሬዝዳንቱ ከቤተ መንግሥቱ አይወጣም ነበር። ጋዜጣውም ሬዲዮውም ይህን ሲያወራ ሰነበተ። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል የሚለውን ያን ሰሞን ያልተረተ የለም።

ሰማያዊ የለበሱት ልጆቻችን ከበሮ ይዘው በማዳም በር ሲያልፉ ወጥተው በእጃቸው አስቆሟቸውና፣ ከየካቲት በፊት ያለውን አትርሱ ብለው መልሰው ገቡ። ከቅል ሰዎች ሁሉም ወደ እኛ እንዳልመጣ ያወቅሁትም በዚያው ሳምንት ነው። ፖግሳ ፒቶ እየቀዳችልኝ ሳመሰግናት፣ እኔን አታመስግነኝ፣ እኔ ፀሐይን ነው የመረጥኩት አለችኝ። ደነገጥኩ። ለአሶሞዋ ይቅርታ አድርጌለታለሁ፣ ይቅርታና ድምፅ ግን አንድ አይደለም አለች። ይህን ለማዳም ስነግራቸው እንደዚያ ዕለት ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም፤ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ።

ስድቡም አልቀረላቸውም። ፀሐዮች አገር የሸጠች አሮጊት አሏቸው። ዶክተር ብላንክሰን ሚኒስትርነቱንም ፓርቲውንም አጣ። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ብቻውን በአውቶቡስ መጣ። ሰው ምን ይሉት ይሆን ብሎ አጥር ላይ ተንጠለጠለ። ማዳም በሩ ላይ ተቀብለው እጁን አስታጠቡት፣ ቱዎ ዛፊ የሚባለውን ገንፎ በኦቾሎኒ ወጥ አቀረቡለት፤ ከዚያም ልጆቹን ወደ አተረፈበት ክፍል ወሰዱት። ሁለቱ እዚያ ውስጥ የተነጋገሩትን አላውቅም። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ማዳም ግን እንደ ልጃቸው ክንዱን ይዘውት ነበር።

የእኛ ፓርቲ እንዳሸነፈ ወዲያው የወረዳ አስተዳዳሪነቱን ይዘንላቸው እንድንሄድ አዘዘ። እኔ ነኝ የተላክሁት። በደንብ አመሰገኑና እንቢ አሉ። ይህን ወንበር ከተቀመጥኩበት ክትባቱ ሲዘገይ ማንን ልጠይቅ ነው፣ መስተዋት ልግዛ? አሉኝ።

ክትባቱ በእርግጥ መጣ። ከየካቲት በፊት በታንዛየሪ ሰልፉ ከክሊኒኩ እስከ ገበያው ደረሰ። ከወንዙ ማዶ ላሉት መንደሮች ግን ዘገየ፤ እዚያ ሰው ሞተ። ማዳም ሳያሳድሩ ሬዲዮ ጣቢያ ሄደው፣ ምክትል ፕሬዝዳንቱን አሶሞዋን በስማቸው ጠርተው፣ "እኔን" ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ይኸው እየጠየቅሁዎት ነው አሉ። የፓርቲዬ ሰዎች ከአክራ ደውለው ያቺን ሴትዮ ዝም አሰኛት አሉኝ። ፓርቲዬን እወዳለሁ፤ የቀልድ ዘመድን ዝም ማሰኘት በባህላችን የለም ብዬ መለስኩ፣ እውነትም የለም። ክትባቱ በሳምንቱ በጀልባ ተሻገረ። ላቦራቶሪው ሦስት ዓመት ፈጀ፤ በየወሩ እየተጠየቀ ነው ያለቀው። ዛሬ ናሙናው ታማሌ አይሄድም።

ሰው ማዳምን ሲያነሣ ፕሬዝዳንት ያነገሡ ሴት ይላቸዋል። ለእኔ እንደዚያ አይደለም። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ድምፅ ስቆጥር፣ ሰው ስጭን፣ ሰው ሳወርድ ኖሬአለሁ፤ አንድ መራጭ በጆንያ የሚታሰር እህል እንዳልሆነ ያየሁት በእሳቸው ነው። እሳቸው ሁሉን በእጃቸው ይዘው፣ ሊሸጡትም ሊሰጡትም ሲችሉ፣ ለባለቤቶቹ መልሰው በተኑት። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አላየሁም።

አሁን ደግሞ ሌላ ምርጫ ደርሷል። ቅል አዲስ እጩ አለው፣ አንድ የዋ መምህር፤ እንደማያሸንፍ እሱም ያውቃል። ባለፈው ሳምንት ገና ከመጀመሪያው ዙር በፊት ማዳም ቤት ሄድኩ። አዲስ የተሾመው የፀሐይ የክልል ሹም ከእኔ ቀድሞ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ። እንደ ክሊኒክ ተራ ጠባቂ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንግዲህ እዚህ ምን ይጠይቃሉ አለኝ ቀስ ብሎ። አላውቅም፣ ዘንድሮ ስለ ወንዙ ማዶ ይመስለኛል አልኩት። ወንዙ ማዶ ምን አለ አለኝ። ሁለታችንም ብዙም እንደማናውቅ ገባን። ፖግሳ መጥታ ለሁለታችን አንድ ቅል ፒቶ ቀዳችልን፤ ማዳም ከውስጥ ሆነው ማን ቀድሞ እንደመጣ እየጠየቋት ነበር።